ሞተር ለተቀየረበት ፒክአፕ የቱ የቤንዚን አሰጣጥ ይሻላል? በድሬዳዋና በሐረር መንገድ የሚመዘኑ አምስት አማራጮች

የደከመውን ሞተር አውርዶ በምትኩ የሸቭሮሌት 4.3 ሊትር ባለ ስድስት ወይም 5.7 ሊትር ባለ ስምንት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር በፒክአፑ ወይም በአሮጌ ላንድክሩዘሩ ላይ ያስገጠመ ሰው፣ የሞተር መቀመጫው ተበይዶ፣ ካምቢዮው ተጋጥሞ፣ ራዲያተሩ ውሃ ከያዘ በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ሞተሩ በእርግጥ ይነሳል፤ ነገር ግን ሚኒሞው (ፔዳል ሳይረገጥ ያለው ዝቅተኛ ዙር) ይዋዥቃል፣ ጭሱ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ በድሬዳዋና በሐረር መካከል ባለው የደንገጎ ዳገት ላይ ሲደርስ ደግሞ ጉልበት ያጣል። ምክር ሲጠይቅ አንዱ ካርቡራተር እንዲያደርግበት ይነግረዋል፣ ሌላው ከውጭ አገር አዲስ የኢንጀክሽን ኪት እንዲያስመጣ ይመክረዋል፣ ሦስተኛው የሞተሩን ኮምፒውተር ትእዛዝ የያዘውን ቺፕ እንደገና ማስጻፍ ብቻ እንደሚበቃ ይምልለታል። የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ ያለውን መኪና ሞተር ቀይሮ ዕድሜውን ማራዘም ቁም ነገር ሆኗልና፣ ምርጫውን በወሬ ሳይሆን በመመዘኛ ማድረግ ይገባል።

እነዚህ ሞተሮች በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) ሲሠሩ የሚጠቀሙት ትሮትል ቦዲ ኢንጀክሽን የሚባለውን ሥርዓት ነበር። በካርቡራተሩ ቦታ የአየር መዝጊያ ያለው አካል ይቀመጣል፣ ከመዝጊያው በላይ ያሉት ሁለት ኖዝሎች ቤንዚኑን ወደ ታች ይረጩታል፣ መጠኑን የሚወስነው ግን ኮምፒውተሩ ነው። ኮምፒውተሩ የገባውን አየር በቀጥታ አይለካም፤ አየሩን ወደ ሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ማኒፎልድ ውስጥ ያለውን ግፊትና የሞተሩን ዙር ካነበበ በኋላ ሞተሩ በዚያ ሁኔታ ምን ያህል አየር እንደሚስብ አስቀድሞ ከተጻፈለት ሰንጠረዥ ላይ ይፈልጋል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ሰንጠረዡ የተጻፈው ለሌላ መኪና፣ ለሌላ የጭስ ማውጫ፣ አንዳንድ ጊዜም ሊትሩ ለተለየ ሞተር ነው።

መመዘኛዎቹ

ከፍታ ቀዳሚው ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች፤ ይህ ሁሉ ልዩነት ከ60 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ ውስጥ ይመጣል። በባሕር ወለል 101 ኪሎፓስካል የሆነው የአየር ግፊት ድሬዳዋ ላይ ወደ 88፣ ሐረር ላይ ወደ 81 ይወርዳል። ጠዋት ቆላ ውሎ ማታ ደጋ የሚያድር መኪና ሁለቱንም አየር ያለ ማንም እርዳታ መቀበል አለበት።

ቀጥሎ የድሬዳዋ ሙቀት ይመጣል። በግንቦትና በሰኔ ፀሐይ የቆመ መኪና ቦኔት ሥር ያለው ቤንዚን በቱቦው ውስጥ ይፈላል፤ ግፊቱ ዝቅ ባለ ቁጥር ደግሞ ለመፍላት ይቀርባል።

ሌላው መመዘኛ ዕቃው ሲበላሽ እዚሁ የሚጠግነው ሰው መኖሩ ነው። በእኔ እምነት ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ መኪናው ዋጋ የሚኖረው ሥራ ላይ እስካለ ድረስ ብቻ ነውና። ከዚህ ጋር ዋናውን ዕቃ ተከትለው የሚመጡትን ወጪዎች፣ ማለትም ፓምፑን፣ ቱቦውን፣ ማኒፎልዱንና እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢውተር ጨምሮ ማስላት ያስፈልጋል። በመጨረሻም ሥርዓቱ የሚሠራውን ነገር ለማየት የሚያስችል መሆኑ ይታያል፤ የማይለካ ነገር አይስተካከልምና።

ከምርጫው በፊት መለካት ያለባቸው ነገሮች

«ቲዩኒንግ ያስፈልገዋል» ተብለው ወደ ጋራዥ ከሚመጡት መኪኖች ብዙዎቹ የሚያስፈልጋቸው ጥገና ነው። ስለዚህ አንድ ብር ለአዲስ ዕቃ ከመውጣቱ በፊት የሚከተሉት መታየት አለባቸው።

የነዳጅ ግፊት የመጀመሪያው ነው። የፋብሪካው ትሮትል ቦዲ የሚሠራው ከ9 እስከ 13 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) በሆነ ዝቅተኛ ግፊት ነው፤ የመለኪያ ቀዳዳም ስለሌለው በመስመሩ ላይ ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ አስገብቶ ጌጅ ማሰር ግድ ይላል። ኖዝሉ የሚረጨው መጠን ከግፊቱ ስኩዌር ሩት ጋር ስለሚሄድ ግፊቱ ከ12 ወደ 9 ቢወርድ ቤንዚኑ በ13 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል። ደካማ ፓምፕ በሚኒሞ ላይ ደህና መስሎ ዳገት ላይ የሚከዳ በመሆኑ፣ ጌጁ በረጅም ቱቦ ወጥቶ ከመስታወቱ ፊት ለፊት ታስሮ ደንገጎን ሲወጣ ቢነበብ እውነቱ ይታወቃል። በተቃራኒው ከሌላ መኪና የተወሰደ ኃይለኛ ፓምፕ ተገጥሞ የመመለሻው ቱቦ ቀጭን ከሆነ ግፊቱ ከመጠን በላይ ይወጣና ሞተሩ በቤንዚን ይታፈናል።

ሁለተኛው የኖዝሎቹ አረጫጨት ነው። የአየር ማጣሪያው ተነስቶ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የታይሚንግ መብራት ወደ ኖዝሎቹ ቢበራ፣ የሚርገበገበው ብርሃን ጭጋጉን በአየር ላይ የቆመ ያስመስለዋል። ጤናማ ኖዝል ጠርዙ እኩል የሆነ፣ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ ጉም ያሳያል። በአንድ ጎን የተቀደደ ጉም፣ ወይም መዝጊያው ላይ የሚያርፍ ጠብታ ከታየ ግን የትኛውም ቺፕ አያስተካክለውም፤ ኖዝሉ ይታጠባል ወይም ይለወጣል።

ሦስተኛው የጭስ ማውጫው ነው። በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ለኮምፒውተሩ ከሚነግረው ኦክስጅን ሴንሰር በፊት ያለ ጓርኒሲዮን የሚያፈስ ከሆነ ንጹሕ አየር ወደ ውስጥ ይሳብና ሴንሰሩ ቤንዚን ያነሰ ይመስለዋል፤ ኮምፒውተሩም ያለ ምክንያት ይጨምራል። የሞተር ቅየራ ሲደረግ ጭስ ማውጫው ብዙውን ጊዜ በብየዳ ስለሚቀጠል ይህ ስሕተት እጅግ የተለመደ ነው። ሴንሰሩ ከሞተሩ ርቆ ከተገጠመም በሚኒሞ ላይ ስለሚቀዘቅዝ፣ ባለ አንድ ሽቦውን ትቶ ማሞቂያ ያለውን ዓይነት መግጠም ይሻላል።

ከዚያ የካንዴላ እሳት ጊዜው ይታያል። በነዚህ ሞተሮች ላይ ኮምፒውተሩ ጊዜውን እንዳይቀይር የሚያደርገው ሽቦ ተነቅሎ፣ በአብዛኛው በዜሮ ዲግሪ ላይ መነበብ አለበት። ሽቦው ሳይነቀል በጆሮ የተስተካከለ ዲስትሪቢውተር ሰንጠረዡን በሙሉ ያዛባዋል።

አንደኛ፦ ግፊቱን ብቻ ማስተካከል

የሚስተካከል የግፊት መቆጣጠሪያ መግጠም ከሁሉም ርካሹ መንገድ ነው፤ ጥቅሙም የዋጋውን ያህል ነው። ግፊት ሲጨምር ቤንዚን በሁሉም ሁኔታ እኩል ይጨምራል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ በኦክስጅን ሴንሰሩ አማካይነት በመደበኛ ጉዞ ላይ የተጨመረውን መልሶ ይቀንሰዋል። ስለዚህ ለውጡ የሚሰማው ሞተሩ ሲቀዘቅዝና ፔዳሉ እስከ ታች ሲረገጥ ብቻ ነው። ሊትሩ ከኖዝሎቹ አቅም ትንሽ ለበለጠ ሞተር ይረዳል፤ የተሳሳተ ሰንጠረዥን ግን አያርምም።

ሁለተኛ፦ ወደ ካርቡራተር መመለስ

ካርቡራተርን የሚንቁ ሰዎች በሁሉም ነገር ልክ አይደሉም። በድሬዳዋ ከዚራም ሆነ በሐረር ሸዋ በር ካርቡራተር ፈትቶ የሚያጥብ መካኒክ ማግኘት አይከብድም፤ የሐረርን የፔጆ 404 ታክሲዎች ለብዙ ዓመታት በሥራ ላይ ያቆየው ይህ እጅ ነው። ኮምፒውተሩ፣ ሴንሰሩና ሽቦው በሙሉ የጠፋበት ሞተር ለገዛ ሰውም እውነተኛ መውጫ ነው።

ከፍታን በተመለከተ ነገሩ እንዲህ ነው። የካርቡራተር የቤንዚን ቀዳዳ ስለማይለወጥ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ለባሕር ወለል ተስተካክሎ የመጣ ካርቡራተር ሐረር ላይ በ10 ከመቶ ገደማ ያበዛል። ለድሬዳዋ በጥንቃቄ ከተስተካከለ ግን ሐረር ላይ የሚበዛው ከ3 እስከ 4 ከመቶ ብቻ ስለሆነ መኪናውን አያቆመውም። እንግዲያው ትልቁ ጥፋት ከካርቶኑ እንደወጣ መግጠም ነው።

ገዢዎች ሳያስቡት የሚገቡበት ወጥመድ ዲስትሪቢውተሩ ነው። የኢንጀክሽን ሞተሩ ዲስትሪቢውተር በውስጡ ክብደትም ሆነ በአየር ሳብ የሚሠራ ማስተካከያ የለውም፤ እሳቱን የሚያስቀድመው ኮምፒውተሩ ነው። ኮምፒውተሩ ከወጣ ራሱን የሚያስቀድም ሌላ ዲስትሪቢውተር መግዛት ግዴታ ነው፤ ያለዚያ ሞተሩ ይሞቃል፣ ጉልበትም አያገኝም። በዚህ ላይ የካርቡራተር ማኒፎልድና ከ5 እስከ 7 ፒኤስአይ የሚሰጥ ፓምፕ ሲጨመር «ርካሽ» የተባለው መንገድ ከታሰበው ይርቃል። የድሬዳዋ ሙቀትም እዚህ ላይ ይበረታል፤ በካርቡራተሩ ጎድጓዳ ውስጥ የቆመው ቤንዚን ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ስለሚፈላ እኩለ ቀን ላይ እንደገና ማስነሳት ያስቸግራል።

ሦስተኛ፦ የፋብሪካውን ኮምፒውተር ይዞ ቺፑን ማስተካከል

ሽቦውና ኮምፒውተሩ ከሞተሩ ጋር አብረው ከመጡ፣ ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ይህንን ነው። ሥርዓቱ ሲነደፍ ለጭነት መኪና፣ ለሙቀትና ለቸልተኛ አያያዝ ታስቦ የተሠራ ነው። ቤንዚኑ ያለማቋረጥ ወደ ታንኩ ስለሚመለስ በሙቀት የመፍላት ዕድሉ ከካርቡራተር ያነሰ ነው። ኮምፒውተሩ ቁልፍ ሲከፈት ሞተሩ ሳይነሳ የአካባቢውን የአየር ግፊት ያነባል፤ ፔዳሉ እስከ ታች ሲረገጥም ያድሰዋል። በመሆኑም ከድሬዳዋ ሐረር ሲወጣ የቀዳዳ ለውጥ አይጠይቅም።

ብልሽት ሲኖርም ራሱ ይናገራል። ከዳሽቦርዱ ሥር ባለው ሶኬት ላይ ኤ እና ቢ የተባሉት ሁለት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ተገናኝተው ቁልፉ ሲከፈት የማስጠንቀቂያ መብራቱ መጀመሪያ 12ን ይቆጥራል፦ አንድ ብልጭታ፣ አጭር ዝምታ፣ ሁለት ብልጭታ። ይህ ሦስት ጊዜ ከተደገመ በኋላ ያለውን የብልሽት ቁጥር ያወጣል። 44 ከሆነ ቤንዚን አንሷል፣ 45 ከሆነ በዝቷል፣ 24 ከሆነ የፍጥነት ምልክት የለም ማለት ነው። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው የወረቀት መያዣ ሽቦ ብቻ ነው።

የ24 ቁጥር ነገር በተቀየረ ሞተር ላይ ተደጋግሞ ስለሚታይ ጠለቅ ብሎ ማየት ይገባል። ሞተሩ የሸቭሮሌት፣ ካምቢዮው የቶዮታ ሲሆን የፍጥነት ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ሳይገናኝ ይቀራል። ኮምፒውተሩም መኪናው እየሄደ ይሁን ቆሞ መለየት ያቅተዋል፤ ሹፌሩ ፍሪሲዮን ረግጦ ሊቆም ሲል ሞተሩ ድንገት ይጠፋል። ብዙዎች ይህንን የቤንዚን ችግር አድርገው ኖዝል ይለውጣሉ፤ መፍትሔው ግን በፍጥነት ቆጣሪው ገመድ ላይ የሚገጠም የፍጥነት ሴንሰር ነው።

ማስተካከሉ ራሱ የሚከናወነው በላፕቶፕ ነው። ቲዩነርፕሮ የተባለው ፕሮግራም በነጻ የሚገኝ ሲሆን ከሶኬቱ ጋር የሚያገናኝ ገመድና ቺፕ መጻፊያ መሣሪያ ብቻ መግዛት ይበቃል። መኪናው እየተነዳ ኮምፒውተሩ በእያንዳንዱ የግፊትና የዙር ክፍል ምን ያህል እንዳረመ ይመዘገባል። የማረሚያው መካከለኛ ቁጥር 128 ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ኮምፒውተሩ እየጨመረ፣ በታች ከሆነ እየቀነሰ ነው። በሰንጠረዡ ላይ ያለው ቁጥር በማረሚያው ተባዝቶ ለ128 ይካፈላል። ለምሳሌ በአንድ ክፍል 60 ተጽፎ ማረሚያው 140 ላይ ከተረጋጋ አዲሱ ቁጥር 65.6 ይሆናል። ይህ ሥራ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሞቆ፣ በቀስታና በተረጋጋ አነዳድ ሲከናወን ከጥቂት ድግግሞሽ በኋላ ልኩን ያገኛል።

ለአካባቢያችን ልዩ ትርጉም ያለው ነገር ደግሞ አለ። ሰንጠረዡ እስከ 100 ኪሎፓስካል ድረስ ይዘልቃል፤ ድሬዳዋ ላይ ግን ፔዳሉ እስከ ታች ቢረገጥ እንኳ ንባቡ ከ88 አይዘልም፣ ሐረር ላይ ከ81። የላይኞቹን ረድፎች ለማስተካከል የሚጠፋ ጊዜ ከንቱ ነው፤ ትኩረቱ ከ40 እስከ 85 ባሉት ላይ መሆን አለበት። ሙሉ ፔዳል ላይ ግን የፋብሪካው ጠባብ መለኪያ ያለው ኦክስጅን ሴንሰር መጠኑን ስለማይናገር፣ ሰፊ መለኪያ ያለው ሴንሰር ተውሶም ቢሆን ገጥሞ ከ12.5 እስከ 13 የአየርና የቤንዚን ምጣኔ መፈለግ ያስፈልጋል።

ጉድለቱ የቀድሞዎቹ ኮምፒውተሮች መረጃ የሚልኩት እጅግ በዝግታ መሆኑ ነው፤ አንድ ሙሉ ንባብ ለመላክ ከአንድ ሰከንድ በላይ ይፈጅባቸዋል። ከ1993 እስከ 1995 እ.ኤ.አ. በነበሩት ብዙ ፒክአፖች ላይ የሚገኘው ኮምፒውተር ግን ብዙ እጥፍ ይፈጥናልና ምርጫ ካለ እርሱ ይመረጥ። ቫልቮቹን የሚከፍተው የካም ዘንግ ለጉልበት ተብሎ በትልቅ ከተለወጠም በሚኒሞ ላይ ያለው ግፊት ከፍ ስለሚል ኮምፒውተሩ ጭነት ያለ መስሎት ቤንዚን ያበዛል፤ እንዲህ ላለው ሞተር ሰንጠረዡን ከሥሩ መጻፍ ስለሚጠይቅ ሥራው ይረዝማል።

አራተኛ፦ ራሱን የሚያስተምር አዲስ ኪት

እንደ ሆሊ ስናይፐርና ፊቴክ ያሉ ኪቶች ኮምፒውተሩንና ኖዝሎቹን በአንድ አካል ይዘው፣ ሰፊ መለኪያ ካለው ኦክስጅን ሴንሰር ጋር ይመጣሉ። ሊትሩና የሲሊንደሩ ብዛት በትንሿ ስክሪን ላይ ከተሞላ በኋላ እየተነዱ ሰንጠረዡን ራሳቸው ይጽፋሉ። ላፕቶፕ የሚይዝ ሰው በአጠገቡ ለሌለው ባለንብረት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከፍታንም በሚገባ ይቋቋማሉ።

ነገር ግን ዋጋቸው በአሜሪካ ብዙውን ጊዜ ከ1,000 ዶላር በላይ ሲሆን ማጓጓዣውና ቀረጡ በዚያ ላይ ይታከላል። አብዛኞቹ ለአራት አፍ ካርቡራተር መቀመጫ የተሠሩ ስለሆኑ በፋብሪካው የኢንጀክሽን ማኒፎልድ ላይ በቀጥታ አይቀመጡም፤ ማኒፎልድ መለወጥ ወይም በቶርኖ ቤት አዳፕተር ማሠራት ይጠይቃል። የሚሠሩትም ወደ 58 ፒኤስአይ በሚጠጋ ግፊት ስለሆነ አሮጌው ፓምፕና ተራው የቤንዚን ጎማ መውጣት አለባቸው። ይህ በምንም መልኩ የማይታለፍ ነው፤ በዚህ ግፊት የተቀደደ ተራ ጎማ በጋለ የጭስ ማውጫ ላይ ቤንዚን ይረጫል፣ መኪናውንም ሰውንም ያቃጥላል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ መለዋወጫው ነው። ኮምፒውተሩ በአካሉ ውስጥ ስለተቀበረ እርሱ ሲቃጠል የሚለወጠው ሙሉ አካሉ ነው፤ እስኪመጣ ድረስም መኪናው ይቆማል። የሽቦ ሥራው ንጹሕ ካልሆነና የካንዴላ ገመዶቹ በአጠገቡ ካለፉ የሚደርሰው ረብሻ ሞተሩን ያለ ግልጽ ምክንያት ያጠፋዋል።

አምስተኛ፦ ሙሉ በሙሉ በእጅ የሚጻፍ ኮምፒውተር

ሜጋስኩዊርትና ስፒዱይኖ የዚህ ዓይነት ናቸው። የፋብሪካውን ትሮትል ቦዲ እንዳለ ይዘው፣ ሁሉንም ነገር ሞተሩ እየሠራ በላፕቶፕ ለመለወጥ ያስችላሉ፤ የአካባቢውን ግፊት ያለማቋረጥ የሚያነብ ሁለተኛ ሴንሰርም ሊጨመርላቸው ስለሚችል ለደንገጎ መንገድ ከሁሉም የተሻለ አቅም አላቸው። የትሮትል ቦዲው ኖዝሎች ተቃውሞ ከ2 ኦም ያነሰ በመሆኑ ግን የኤሌክትሪክ ፍሰቱን የሚገድብ መላ ካልተበጀላቸው የኮምፒውተሩን ሰርኪዩት ያቃጥሉታል። ጥራቱ በጻፈው ሰው እውቀት ልክ ነው፤ ያ ሰው ከከተማ ሲወጣ መኪናውን የሚረዳው ሌላ አይኖርም። ኤሌክትሮኒክስ ለሚያውቅ ባለንብረት ካልሆነ በቀር አልመክረውም።

ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| አማራጭ | ከፍታን መቋቋም | ሙቀትን መቋቋም | እዚሁ መጠገን | አጠቃላይ ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| ግፊት ብቻ | ለውጥ የለውም | በመጠኑ ይረዳል | ቀላል | በጣም ዝቅተኛ |
| ካርቡራተር | በድሬዳዋ ከተስተካከለ መካከለኛ | ደካማ | በጣም ቀላል | መካከለኛ፣ ከነዲስትሪቢውተሩ |
| የፋብሪካ ኮምፒውተር ከአዲስ ቺፕ ጋር | ጥሩ | ጥሩ | መካከለኛ | ዝቅተኛ |
| ራሱን የሚያስተምር ኪት | በጣም ጥሩ | ጥሩ፣ ፓምፑ በደንብ ከተገጠመ | ከባድ | በጣም ከፍተኛ |
| በእጅ የሚጻፍ ኮምፒውተር | ከሁሉም የበለጠ | ጥሩ | በጻፈው ሰው ላይ የተመሠረተ | መካከለኛ |

ለየትኛው ባለንብረት የትኛው

ከአወዳይ ወይም ከሐረማያ ጭነት እያመላለሰ በየቀኑ ደንገጎን ለሚወጣና ለሚወርድ መኪና የፋብሪካው ኮምፒውተር ይሁን፤ ከተረፈው ገንዘብ ላይ ትርፍ ፓምፕ፣ ትርፍ የዲስትሪቢውተር ሞጁልና ከነቺፑ የተዘጋጀ ሁለተኛ ኮምፒውተር በመኪናው ውስጥ ቢቀመጡ መንገድ ላይ የመቅረት ስጋት በእጅጉ ይቀንሳል።

ሞተሩን ሲገዛ ሽቦው ተቆርጦ፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ለተረከበ ሰው ሁለት መንገድ አለ። በጀቱ ጠባብ ከሆነና መኪናው ከድሬዳዋ ብዙም የማይወጣ ከሆነ ካርቡራተሩ ይበቃዋል፤ የሙቀት መከላከያ ሰሌዳ ከሥሩ ማስገባትን ግን አይርሳ። በጀቱ ሰፋ ካለና ረጅም መንገድ የሚሄድ ከሆነ ኪቱን ያስመጣ፤ ከኪቱ ጋር አንድ ትርፍ ኦክስጅን ሴንሰር አብሮ ይዘዝ፣ ዘይት በሚያቃጥል አሮጌ ሞተር ላይ መጀመሪያ የሚሞተው እርሱ ነውና።

ብዙ መኪና የሚያስተናግድ ጋራዥ ከሆነ ስሌቱ ይለያል። ቺፕ መጻፊያው፣ ገመዱ፣ የግፊት ጌጁና ሰፊ መለኪያ ያለው ሴንሰር አንድ ጊዜ ተገዝተው ለሁሉም ደንበኛ ያገለግላሉ፤ አንድ ወጣት መካኒክ በላፕቶፕ ላይ ሠልጥኖ ቢመደብም ወጪው ከአንድ ኪት ዋጋ በታች ይሆናል።

የትኛውም ቢመረጥ ሊብሬ ላይ የተመዘገበው የሞተር ቁጥር ከተገጠመው ሞተር ጋር መስማማት ስላለበት፣ የሞተሩ መግዣ ሰነድ ተይዞ የትራንስፖርት ቢሮው አስቀድሞ ይጠየቅ። ሥራውን ለሚረከበው ጋራዥ ደግሞ ቀሪው ክፍያ የሚፈጸመው ከሁለት ፈተና በኋላ መሆኑ በጽሑፍ ይገለጽለት፦ መኪናው ጭኖ ከድሬዳዋ ሐረር ሳይቆም መውጣቱ፣ እና በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ድሬዳዋ ፀሐይ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ጠፍቶ ከቆመ በኋላ በአንድ ቁልፍ መነሳቱ።